የአያ ክንዴ ላይተር

አንዱዓለም ወንድሜ፣

ከስብስብህ የጎደለውን ላይተር ጎንደር መጥቼ አገኘሁልህ! አጋዘንና በርሜል የተቀረጸበት፣ የዊስኪ ፋብሪካው የተቋቋመበት ዓመት ከታች የተጻፈበት፣ ራሱ ነው።

ትናንት አምባ ጊዮርጊስ ማኅበር ተጠርቼ፣ አያ ክንዴ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ጧፉን ሲለኩሱበት አየሁና ሽጡልኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። አፍሬ ልወጣ ስል «ምነው ልጄ፣ እሳት ልትጭሪ የመጣሽ መሰልሽ፤ ተቀመጪ እንጂ!» አሉኝ። ላይተሩን የሰጣቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት መኪናው ተበላሽቶበት ቤታቸው ሦስት ቀን የሰነበተ የአዘዞ ሹፌር ነው። ዊስኪ ቀምሰው አያውቁም፤ የማኅበሩ ጧፍ ግን ከዚያ ወዲህ በሌላ እሳት በርቶ አያውቅም።

አንተ ስለ ፋብሪካዎቹ ዕድሜ ስታወራ እንደምታመሽ፣ አዳማ ያሉት አሥራ አንድ ላይተሮችህ ግን ከመስታወት ሳጥናቸው ወጥተው አንድም ቀን በርተው እንደማያውቁ ነገርኳቸው። ከልባቸው አዘኑልህ። «ውይ፣ ድንጋይ አጥቶ ነዋ!» አሉ። ወዲያው ላይተሩን ከፍተው፣ ውስጡ ካለው ቤንዚን ያዥ ጥጥ ሥር ካስቀመጧቸው ሁለት መለዋወጫ የእሳት ድንጋዮች አንዷን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ልመልስ ብል እምቢ አሉ።

እዚህ ፖስት ካርድ ጥግ ላይ በፕላስተር የለጠፍኳት ጥቁር ፍሬ እሷ ናት።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳምልኝ፤ እኔ ሸጋ ነኝ፣ አነጋገሬም ጎንደሬ እየሆነ ነው በላት። አንዱን ላይተር ለኩስና ጠብቀኝ። ድንጋይዋ እንዳትጠፋብህ፤ ለአያ ክንዴ የቀረቻቸው አንዲት ብቻ ናት።

ሚስጥር