የቀባሁት ማራገቢያ

ጥር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዛሬ ችሎት ላይ አሥራ አንድ ምስክር አስማልኩ። ሰባቱን በወንጌል፣ አራቱን በቁርኣን። "ቀኝ እጅህን አንሣ፣ ማል..." አፌ ይለዋል፣ ልቤ ግን መኪናዬ ዘንድ ነበር።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሸዋ በር፣ ሙሜ ጋራዥ። በጾም አፉ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ፈትቶ ጠርጎ ገጥሞታል። "ለነገ ብታቆየው ምን ነበረበት?" አልኩት። "ሠርግ ደርሶ! አቦ፣ ለገሠ ያንተ ብቻ ልጅ ነው እንዴ?" አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ወዳጅነት ነው፤ ለገሠን ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው።

አስነሳናት። ግማሽ ሰዓት ቆማ ሠራች። የሙቀት መለኪያው ቀስት ንቅንቅ አላለም። ባትሪዋ ግን ደክሟል። "የሠርጉ ዕለት ሞተሩን እንዳታጠፋ፣ የሙሽራ መኪና ሲገፋ አያምርም" ብሎ ሳቀብኝ።

ጥር 16

ትናንት ዒድ ነበር። ከባለቤቴ ከበለጡ ጋር ኤረር በር እነ ሙሜ ቤት ዋልን። እሷ ከቤቱ ሴቶች ጋር ስትስቅ ዋለች። ደስ የሚል ቀን።

ጥር 20

መኪናዋን ለሠርጉ አጠብኳት። ጎማዎቹን በጥቁር ቀለም፣ የበሩን እጀታ በብረት መወልወያ። ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ ፊት ያለው ማራገቢያ ዝጎ አስጠላኝ። ሚዜዎቹ ኮፈን መክፈት ይወዳሉ፤ ምን ይሉኛል? ፈታሁት። በሞተሩ በኩል ያለው ፊቱ ዘይት ጠጥቷል፣ ቀለም አልይዝ አለ። ራዲያተሩን የሚያየው ፊቱ ግን ንጹሕ ነው። ቀይ ቀባሁት። ሲደርቅ ቀዩ እንዲታይ አድርጌ ገጠምኩት። አራት ብሎን ብቻ። በለጡ "አንተ ደግሞ! ማን ያየዋል?" አለችኝ። እኔ አየዋለሁ።

ጥር 23

ትናንት ሠርጉ ነበር። እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ሙሽራዋን ለማምጣት ፈላና በር ወደነ አስቴር ቤት ሄድን። የሴት ወገን እንደ ልማዱ "አናስገባም" ብሎ በር ያዘ። ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ እነሱ ይዘፍናሉ። ረጅም ሰዓት። እኔ መኪናዋ ውስጥ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ። ከዚያ ደግሞ አስቴር የእናቷን ጉልበት ስማ፣ የአክስቶቿን ስማ፣ አልቅሳ... ስትወጣ ቀስቱ ቀዩ ላይ ደርሷል። እንደተቀመጠች ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ፏ አለ። ዘፈኑ ቆመ። አንዲት አሮጊት "በስመ አብ! ምን ዓይነት ምልኪ ነው?" አሉ።

ሙሜ ከሠርገኛው መሐል ሮጦ መጣ። የራሱን ኩታ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት ውሃው ፈንድቶ ቀኝ እጁ ላይ ፈሰሰ። የዛገው ውሃ ደንግጣ ከመኪናዋ የወረደችው የአስቴር ቀሚስ ድረስ ደረሰ። እኔ ያየሁት ቀሚሱን ነው። እጁን አላየሁም።

"የሠራኸው ሥራ ይኸው!" አልኩት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። "አሮጌ ዕቃ ከተህባታል!"

"እንደሻው፣ ወላሂ እኔ..."

"እንዲህማ አይደለም! ቀኝ እጅህን አንሣና ማል!"

አነሣው። ያንን የተቃጠለውን። ቆዳው እንደተላጠ በቁርኣኑ ማለ። እኔ ደግሞ "በሐሰት የሚምል በየቀኑ አያለሁ" ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

አስቴር በሰው መኪና ሄደች።

ጥር 25

በለጡ ሙሜን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጣቶቹ አይታጠፉም አለች። መልእክትም አምጥታለች። "ቆማ ስትሠራ ብቻ ከሆነ የምትሞቀው፣ መንገድ ላይ ነፋሱ ያበርዳታል ማለት ነው። ቆማ ግን ነፋስ የሚስብላት ማራገቢያው ነው። ራዲያተሩ ፊት ወረቀት ያስጠጋ። ከያዘው ደኅና ነው፤ ከጣለው ማራገቢያውን ይይ።"

"ጥፋቱን በወረቀት ሊሸፍን ነው?" አልኳት። ምሳ አቅርባ ወጣች።

የካቲት 2

ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ራዲያተሩን አጠበ፣ የውሃውን ፓምፕ ለወጠ፣ ቀበቶውን አጠበቀ። መንገድ ላይ ደኅና ነች። ቆማ ስትሠራ ያው ነው። "ከዚህ በፊት የሠራት ሰው አበላሽቷታል" አለ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ይህንኑ ቢሮ አወራሁ። ሁለት ዳኞችና ሒሳብ ሹሙ መኪናቸውን ሙሜ ዘንድ ነበር የሚያሠሩት። "እንግዲህ ወደዚያ አንሄድም" አሉ።

የካቲት 6

የቅበላ እሑድ። ለገሠና አስቴር ለምሳ መጡ። አስቴር ሠርጓን አንሥታ አታውቅም፣ ጨዋ ልጅ ነች። ለገሠ ግን "አባባ፣ ሙሜ ያለውን ሞከርከው?" አለኝ። እንጀራ ጨመርኩለት።

ከሄዱ በኋላ ግቢው ውስጥ አስነሳኋት። ከዚሁ ደብተር መጨረሻ አንድ ገጽ ቀደድኩ። አስጠጋሁት። ወደቀ። ደገምኩት። ወደቀ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ቀዩ ቀለም ፊት ለፊቴ። የማራገቢያው ክንፎች ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ነፋሱን እንደ ማንኪያ መዛቅ አለባቸው። አሁን ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋል... የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ቀለሜ እንዲታይልኝ ብዬ።

አራት ብሎን። አዙሬ ገጠምኩት። ቀዩ ራዲያተሩን እያየ ተደበቀ። ወረቀቱን አስጠጋሁ፤ ለጠፍ አለ። ቀስቱ አልነቃነቅ አለ።

ጥር 6 ሙሜ ጋራዥ ግማሽ ሰዓት ቆማ ሠርታ አልነበረም? በዚሁ እጄ ጽፌዋለሁ። የሰውን ቃል ስመዘግብ የምኖር ሰው የራሴን ማንበብ አቃተኝ?

የካቲት 9

ማንም አላየኝም። ለበለጡም አልነገርኳት። ፓምፑ ነው የተሻላት ብል ማን ይጠይቀኛል?

የካቲት 14

ዛሬ ልሄድ ተነሥቼ ሸዋ በር ደረስኩ። ጋራዡ ተዘግቷል። እፎይ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 19

ለበለጡ ነገርኳት። አትክልት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። "ስንት ቀንህ ነው ካወቅህ?" አለችኝ። አሥራ ሦስት ቀን። "እጁ የተቃጠለውስ ስንት ቀኑ ነው?" ብላ ቢላዋውን መልሳ አነሣች።

የካቲት 24

ጎረቤታችንን ጋሽ ሳህሉን ሽማግሌ ይዤ ሙሜ ቤት ሄድኩ። ከተቀመጥኩ አንደበቴ ይዋሽ ይሆናል ብዬ ሳልቀመጥ ነው የተናገርኩት። ቀለሙን፣ መገልበጤን፣ ወረቀቱን፣ ዝም ያልኩበትን ቀን ሁሉ።

የሙሜ ቀኝ እጅ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ሁለት ጣቶቹ ተጣብቀው ቀርተዋል።

"ሙሜ፣ አፉ በለኝ።"

"አፉ ብዬሃለሁ። አላህም ይበልህ። ግን እኮ እንደሻው፣ በጾም የሠራሁላትን መኪና... እንዴት ጠረጠርከኝ?"

ጋሽ ሳህሉ "በሉ ተሳሳሙ" አሉ። ተሳሳምን። ትከሻው እንደ ድሮው አልመጣልኝም።

ጋራዡን ለእህቱ ልጅ ለአሚን አስረክቧል። ጅጅጋ ወንድሙ ሱቅ ሊገባ ነው። "ጨርቅ ለመሸጥ አንድ እጅ ይበቃል" አለ። ለሰው ሁሉ እናገራለሁ፣ ደንበኞችህ ይመለሳሉ አልኩት። "ደንበኛ ቢመጣ መፍቻ በምን እጄ ልይዝ ነው?"

የካቲት 27

አውቶቡስ ተራ ላድርስህ ብለው እሺ አለኝ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅን። ሳይናገር ወርዶ፣ ከኪሱ ቲኬቱን አውጥቶ በግራ እጁ ራዲያተሩ ፊት አስጠጋው። ያዘው። ፈገግ አለ። "ደኅና ናት" አለኝ። ቲኬቱን ይዞ ተሳፈረ። መስኮቱን ሳይ ቆየሁ፤ እሱ በወዲያኛው በኩል ነበር የተቀመጠው።

መጋቢት 1

ጠዋት ቢሮ ሁሉም ባሉበት ነገርኳቸው። ሙሜ ንጹሕ ነው፣ ማራገቢያውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ በሐሰት ያማሁት እኔ ነኝ። ሳቁ። ሒሳብ ሹሙ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ቀይ ቀለም? ለሚዜ?" አንዱ ዳኛ "የቱ ሙሜ?" አለኝ። እነሱ እኮ ረስተውታል...

ከዚያ ችሎት ገባን። የመጀመሪያው ምስክር ጨረር የሚባለው ገበያ ጠባቂ፣ ሸምገል ያሉ። ቁርኣኑ ፊታቸው ነው። ልማዱን ስለሚያውቁ ሳልነግራቸው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ደኅና እጅ ነው፤ መዳፉ የሻከረ፣ ጣቶቹ የተዘረጉ።

"ማል" ማለት አቃተኝ። ዳኛው ሁለት ጊዜ ጠሩኝ። ሽማግሌው እጃቸውን እንዳነሡ ይጠብቁኝ ነበር። በመጨረሻ "አባባ፣ እጅዎ እንዳይደክም ያውርዱት" አልኳቸው። ሌላ ጸሐፊ ተነሥቶ አስማላቸው።