ፖርታ ባጋጁ ላይ የተሳፈረው ስፖንሰር

ነቢል፣

የቤቱን ቁልፍ ሹኩሪያ ሱቅ ትቼዋለሁ።

ለልጆቹ ዊልቸር መግዣ በሚደረገው ራሊ ስፖንሰር ስላገኘህልን እጅህ ይባረክ! ኦቦ ዋቆ ስቲከር መለጠፉ ስላነሳቸው የሚሸጡትን የሬሳ ሳጥን ራሱን መኪናዬ ጣሪያ ላይ አስረህላቸዋል። እናንተ በሳጥን ስለማትቀብሩ ይሆናል ተራ ዕቃ የመሰለህ። እኛ ጋ ግን ሳጥን የጫነ መኪና ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያለቅሳል። ብሩ ለዊልቸሮቹ ገብቷልና ማውረድም አልችልም።

«ስፖንሰር ሳትይዝ ቤት እንዳትገባ» ያልኩህ እኔ ነኝ።

እሱን ተወው።

እናቴ ራሊው በሚያልፍበት ጊንጪ አስፋልት ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። መኪናዬን ከሩቅ ታውቃታለች። ሳልደርስ ደውልላትና የምነዳው እኔ እንደሆንኩ፣ ሳጥኑም ባዶ እንደሆነ ንገራት።

ገመቹ