ከጎኔ ሰው እንዳይቀመጥ ለከለከሉኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር አቶ የኔሰው ሰማው
የተሽከርካሪ ምርመራ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎና የማኅተምዎ ቀለም ሁሉ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ ሕመምና ከመኪናዬ መስታወት ላይ ከለጠፉልኝ ቀይ ወረቀት በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው፤ የብዙ ሰው ዓይን ሲያርፍበት የእርስዎም ዓይን አብሮ ያርፍ ይሆናል ብዬ ነው። የመሥሪያ ቤትዎን ሙሉ ስም ያልጠቀስኩትም ንቄ አይደለም፤ ደጃፉ ላይ ያለውን ሰሌዳ ፀሐይ ከበላው ወዲህ ስሙን እኛም ረስተነዋል።

ካላስታወሱኝ፣ ትርሲት ገብረ ኪዳን እባላለሁ። ቢቸና ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ከአብዛኞቹ ተማሪዎቼ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ትንሽ መኪና አለችኝ። ባለቤቴ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ የሞጣ ሰው ነበር። ቅኔ ሲያስተምር ኖሮ መሪ ሳይጨብጥ ያለፈ፣ ነገር ግን ከጎኔ ተቀምጦ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲነዳኝ የኖረ ሰው ነው። ቁልቁለት ባየ ቁጥር «ቀስ በይ፣ ትርሲት» ይለኝ ነበር፤ ሜዳ ላይም ይለኝ ነበር፤ አንድ ቀን መኪናዋ ቆማ ሳለችም ብሎኛል። ያለ እሱ መኪናዋን ነድቼ አላውቅም ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ሞጣ ላይ አርባውን አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስመለስ፣ የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያዋ ቀይ መብራት በራች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ እርስዎም በከፊል ስለሚያውቁት፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለዓመታዊ ምርመራ ስመጣ መብራቷን በመስኮት አጎንብሰው አይተው «ይህ ተሽከርካሪ እስኪጠገን ድረስ ከአሽከርካሪው በቀር ሰው እንዳይሳፈርበት» የሚል ቀይ ወረቀት ስለለጠፉልኝ አመሰግናለሁ። ለሰው ሕይወት እንዲህ የሚሳሳ ኃላፊ ማግኘት መታደል ነው። ከወረቀቱ እንደተረዳሁት ሰው የሚባሉት ከጎኔና ከኋላዬ የሚቀመጡት ናቸው፤ እኔን ከመለዋወጫ ዕቃ ጋር መድበውኛል። ቀድሞ ከቢቸና መውጫ ሳልደርስ መኪናዬ ትሞላ ነበር፤ ጉንደ ወይን ገበያ የሚወርደው፣ ዶሮ ያቀፈችው፣ የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄደው ሁሉ ስሜን እየጠራ ይገባ ነበር። አሁን ለሰላምታ ያነሱትን እጅ ወረቀቱን ሲያዩ ያማትቡበታል። ሞጣ እስክደርስ አፌን የምከፍተው ለማዛጋት ብቻ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ «ይጠገን» ብለው ስላዘዙ የቀድሞ ተማሪዬ ወደሆነው ወደ መካኒኩ ስጦታው ሄድኩ። ዘይቱን ለካው፤ ሙሉ ነው። ያም ሆኖ ቀየረው። መብራቷ በራች። ሴንሰሩን ቀየረው፤ በራች። ከዚያ ግፊቱን በመለኪያ ለክቶ «ቲቸር፣ ይህ እኮ የጎረምሳ ሞተር ነው» አለኝና ለሙከራ ከጎኔ ተቀመጠ። መብራቷ ድርግም ብላ ጠፋች። «ተስተካክሏል፣ በሰላም ይግቡ» ብሎ ወረደ፤ እኔም የግቢዬ በር ሳልደርስ እንደገና በራች። እንዲህ አራት ጊዜ ተመላለስን፤ እሱ ሲቀመጥ ትጠፋለች፣ እኔ ብቻዬን ስሆን ትበራለች። በአምስተኛው መኪናዋን ትቶ እኔን ያይ ጀመር። «ቲቸር፣ ሐዘን ዓይንን ያታልላል፤ እስኪ ጥቂት ቀን ሰው ቤት ይቀመጡ» አለኝ። ሳይንስ ያስተማርኩ ሴት፣ አይፍረዱብኝና፣ ጸበል ረጨሁባት። አልሰማችኝም።

ነገሩን የፈታው አንድ ጆንያ ጤፍ ነው። የባለቤቴ ወንድም ሞጣ ላይ ጭኖ የሰጠኝን ጆንያ ከጎኔ አስቀምጬ ስመለስ፣ መብራቷ እስከ ቢቸና አንዴም ብልጭ አላለችም። ጎረቤቴ አስቻለች ጆንያውን ልታግዘኝ መጥታ ገና ከወንበሩ ስናነሳው በራች። መልሰን ጫንነው፤ ጠፋች። አወረድነው፤ በራች። አስቻለች ወገቧን ይዛ ስታይ ቆየችና «አንቺ፣ መኪናሽስ ሰው ናፍቋታል» አለችኝ። ሳቅን። እሷ ቤቷ ከገባች በኋላ ግን ሳቁ አልቆየልኝም።

ሦስተኛ፣ ጆንያውን ጭኜ ወደ እርስዎ በመጣሁ ጊዜ መብራቷ ጠፍታ እያዩ «ተሽከርካሪ የሚመረመረው ባዶውን ነው፤ ጭነት አውርጂ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ሲወርድ በራች፤ እርስዎም «ይኸው!» አሉ። እንግዲያውስ እርስዎ ራስዎ ለአንድ ደቂቃ ከጎኔ ይቀመጡና ይዩት ብዬ ብለምንዎ፣ ምርመራ ያላለፈ ተሽከርካሪ ውስጥ ሠራተኛ መቀመጥ እንደማይፈቀድለት በትሕትና አስረዱኝ። ስለዚህ በመመሪያዎ መሠረት መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ ከጎኔ ሰው አይቀመጥም፤ ከጎኔ ሰው እስኪቀመጥ ድረስ ደግሞ መብራቷ አትጠፋም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፈተና ሳወጣ እንዲህ ያለ ጥያቄ አውጥቼ አላውቅም።

ስጦታው የጆንያውን ወሬ ሲሰማ ሮጦ መጥቶ ወንበሩን አነሳው። ከሞተሩ ወደ መብራቷ የሚሄደው ሽቦ በመሪጌታ ወንበር ሥር ያልፋል፤ እዚያ ላይ የጥፍር ያህል ተልጦ ብረቱን ይነካል። ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀመጥ ያረጀው ወለል ትንሽ ይረግብና ሽቦው ከብረቱ ይላቀቃል፤ ባዶ ሲሆን ተመልሶ ይነካል፤ በነካ ቁጥር መብራቷ ትበራለች። ሞተሩ ከመጀመሪያውም ምንም አልሆነም። ሽቦው መቼ ተላጠ ብዬ ብጠይቀው «አርጅቷል ቲቸር፣ አሥር ዓመትም ሊሆነው ይችላል» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን መሪጌታ ተቀምጦበት ኖሯል። ጋራዡ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስጦታው ሽቦውን በሚጣበቀው ናስትሮ ጠቀለለው፤ ጊዜ አልፈጀበትም።

አራተኛና የመጨረሻው፣ መብራቷ ጠፍታ፣ ጭነት አውርጄ፣ ብቻዬን ሆኜ በመጣሁ ጊዜ ወረቀቱን ለማንሳት የተቀየረው አሮጌ ዕቃ መቅረብ እንዳለበት ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ዕቃ ካልተቀየረ ጥገና አይባልም ብለዋል። ክቡር ሆይ፣ ከዚህች መኪና የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ አሁን በደንብ አውቃለሁ፤ ይዤው እንዳልመጣ ግን ሞጣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብሯል።

የፊታችን ቅዳሜ ሁለተኛ ሙት ዓመቱ ነው። አምና አስቻለችና የሰፈራችን ሴቶች በሚኒባስ ሄዱ፤ ወረቀትዎ ዕቃ መጫን ስላልከለከለኝ እኔ ዳቦውንና ጠላውን ከኋላ ወንበር ጭኜ ተከተልኳቸው። እስከ ሞጣ ድረስ በሚኒባሱ የኋላ መስታወት ነጠላቸውን አየሁ። ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዷ ለአንዷ ቆሎ ስታዘግን አየሁ፤ ምን እንደሚባባሉ አልሰማሁም። ለራሴ ባል ሙት ዓመት እንግዳ ሆኜ የምሄድ መሰለኝ። ዘንድሮ እንደዚያ ሆኜ መሄድ አልችልም። የምለምንዎ ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ ከቅዳሜ በፊት ያችን ወረቀት ይላጡልኝ።

እስከዚያው እግዚአብሔር ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለማኅተምዎ እርጥበትን፣ ለእርስዎም ሁልጊዜ ከጎንዎ የሚቀመጥ ሰው እንዲያድልዎ የምትመኝ፣ በመዝገብዎ ላይ «ከአሽከርካሪው በቀር» ተብላ የተመዘገበችው ታዛዥዎ

ትርሲት ገብረ ኪዳን
ከቢቸና

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አስቻለች፣ ጎረቤት
ለስጦታው፣ መካኒክ
ለመሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ፣ ባለበት

ማሳሰቢያ፦ ወረቀቱ እስከ ቅዳሜ ካልተነሳ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በደጃፍዎ ሳልፍ ጥቂት ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ቅዳሜ ሥራ እንደሌለዎት አውቃለሁ፤ በሌላውም ቀን ስመጣ እንደዚያው ነበር። ወረቀቱን የለጠፉት እርስዎ ስለሆኑ እርስዎ ቢሳፈሩ የሚቀጣዎ የለም። ሽቦው በናስትሮ ከተጠቀለለ ወዲህ መብራቷ ወንበሩ ባዶ ቢሆንም አትበራም፤ ባዶ መሆኑን አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለ ሞተር ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ ዝም ብለው መቀመጥ ይችላሉ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ብቻ «ቀስ በይ፣ ትርሲት» ይበሉኝ።