ፀሐይ ወጣ፣ ፀሐይ ወጣች

በሰው አገር ላለሽው ልጄ ሪሃብ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ናፍቆትሽ እንደ ሞጣ ብርድ አጥንቴ ገብቷል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በስልክ የላክሽው መልእክት «እማ፣ እንዴት ነህ? ደህና ነኝ» ይላል። ከመቼ ወዲህ ወንድ ሆንሁ ብዬ ሳቅሁ። ከቢቸና መጥተው እዚህ የሚያስተምሩት መምህር በላቸው ግን «አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ይህን ሳያስብ ይለያል፤ የጻፈው ሌላ ሰው እንዳይሆን» አሉኝ። «ነኝ» ደግሞ ለካ ወንድ ሴት አይለይም!

ከሟች ወንድምሽ ከሙጀሂድ ጋር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ልጅ ሳላችሁ አንዳችሁ «ፀሐይ ወጣ»፣ አንዳችሁ «ወጣች» እያላችሁ ትጣሉ ነበር። ያንቺ የትኛው ነበር? እሱን መጠየቅ ቀርቷል፤ አንቺው ደውለሽ በድምፅሽ ንገሪኝ።

አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እናትሽ ዘይዳ