የኮት ሰፊው የጋሼ ድርብ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ድርብ» የሚላቸው ኮት ሰፊ ከአናጺ አባታቸውና ከጥልፍ ሠሪ እናታቸው ከዛሬ ሰባ አራት ዓመት በፊት ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተማሩ አባታቸው «እንጨት ካልወደድህ ጨርቅ ቅደድ» ብለው ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ አስገቧቸው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በዚያው ዓመት ቁልፍ ትተክል የነበረችውን ባልደረባቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ እሷም ነርስ ሆነች። ስፌታቸው ጥቅጥቅ ያለና ድርብ ስለነበር «ከኮቱ በፊት ባለቤቱ ያልቃል» ይባል ነበር። ይህን የሚጽፈው የእህታቸው ልጅ እሳቸው የሰፉለት የሠርግ ኮት እስከ ዛሬ አለው፤ እምቢ ያለው ሆዱ ነው። ግትር ነበሩ፤ ሞቱ ተብሎ ይህ አይደበቅም።

ወረርሽኙ የገባው በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው በምትሠራበት ሆስፒታል የመከላከያ ጋወን አልቆ ነርሶቹ የቆሻሻ ላስቲክ አንገቱን ቀደው እያጠለቁ በሽተኛ ያክሙ ጀመር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የተጀመረውን ኮት ሁሉ ከጠረጴዛ አነሡ። ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ አፈላልገው ከስድስት ሰፊዎች ጋር በአራት ቀን መቶ ሃያ ጋወን ሰፍተው ጨረሱ፤ ሁሉም እንደ ልማዳቸው ድርብ ስፌት።

ልጃቸው አንዱን ግቢ ውስጥ ሰቅላ ውሃ አፈሰሰችበት። ጨርቁ አላሳለፈም፤ ስፌቱ ግን እንደ ወንፊት አንጠባጠበ። «አባዬ፣ መርፌህ በበሳው ሁሉ ውሃው ይገባል» አለቻቸው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ፈትቶ መስፋት አይቻልም፤ የተበሳ ጨርቅ አይድንም። ሌላ ጨርቅም ከገበያ ጠፍቷል። አንዱ ሰፊ «ከላስቲክ አይሻልም? እንዲሁ ይሂድ» ቢላቸው «ያንተ ልጅ ትገባበታለች?» አሉት።

ከዚያ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ዕድሜ ልካቸውን «ጆንያ ሰፊ» እያሉ ያሾፉበት ከነበረው ድንኳን ሰፊ ጎረቤታቸው ዘንድ ሄዱ። ሰውዬው እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ «ጋሼ፣ ለወደፊቱ ስፌቱን ያሳሱት፤ የተሰፋውን ግን ከውስጥ ውሃ የማያሳልፍ ጥብጣብ ይለጥፉበትና በካውያ ይተኩሱት» አላቸው። እንደ ጀማሪ ቁጭ ብለው ተማሩ። መቶ ሃያውን በገዛ እጃቸው ተኮሱ፤ አንድ በአንድ ውሃ እያፈሰሱ ካልፈተኑ አንዱንም አልላኩም። ልጃቸው ከዎርዱ ጓደኞቿ ጋር ያንን ለብሳ ገባች፤ ለአርባ ቀንም ቤት አልመጣችም። አባቷ በየቀኑ ስልክ ደውለው የሚጠይቋት አንድ ነገር ነበር፤ «እጅጌው ረጠበ?»

ጋሼ ድርብ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ከወረርሽኙ በኋላ የተወለደች የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ትተዋል። ሰውን እንደሸፈኑ የፈጣሪ ምሕረት ይሸፍናቸው፤ ለቤተሰቡም ብርታት ይስጥ።

በዚያ ወቅት በዎርዱ ይሠሩ የነበሩት አሥራ አንድ ነርሶች ሁሉም በሕይወት አሉ። ዛሬ ሬሳቸውን ተሸክመው የመጡት እነሱ ናቸው።