ሁለት ሰው ብቻ በሚያሳልፈው ድልድይ ጉዳይ ለአቶ አብሳሎም

ለክቡር አቶ አብሳሎም፣
የወንዝና የመሻገሪያ ጥበቃ አስተባባሪ፣
ጅማ፣ በተኙበት ሆስፒታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከባድ መርዶ ላረዳዎ እገደዳለሁ፤ ቢቻል ትራስዎን ደገፍ ይበሉ። በድልድያችን መግቢያ ላይ በገዛ እጅዎ ያሰሩት የቃጫ ገመድ ትናንት ጠዋት በአንዲት አህያ ተበልቷል። አህያዋ በቁጥጥር ሥር ውላለች፤ የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደሆነች ግን እስካሁን አልተናገረችም።

የአላህ ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ጄሶ የገባው እግርዎ እንዴት አድሯል? በእኛ በኩል፣ አልሐምዱሊላህ፣ መላው መንደር ሁለት ሁለት ሆነን ደህና ነን።

ብዕሬን ለምስጋና ሳነሳ የመጀመሪያው ውለታዎ ትዝ አለኝ። ጦርነቱ ገና በወሬ ደረጃ ሳለ መስጊዱ ጥግ ሰብስበውን፣ በዱላዎ መሬት ላይ ወንዝ ስለው፣ “ወንዙን የያዘ አገሩን ያዘ! እህሉም ጥይቱም የሚያልፈው በዚህች ድልድይ ነው፤ እሷን ያነቀ ጠላቱን አነቀ!” ብለው አስተማሩን። እኛ ሞኞቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ወንዙን የምናውቀው በቡና ማጠቢያነቱና በየክረምቱ በሚወስድብን በግ ብቻ ነበር። ትምህርትዎ እውነት መሆኑን አልክድም፤ ድልድይ እንደሚታነቅ በዓይናችን አይተናል። ቅሬታዬ የታነቀው አንገት የማን እንደሆነ ላይ ብቻ ነው።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. “በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ ድልድዩን መርገጥ ክልክል ነው” የሚለው፣ በፊርማዎና በማኅተምዎ የተዋበው ትዕዛዝ የወጣው ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነበር። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ እንደሚበላሽ ከደዶ እስከ ጅማ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ መፈልፈያው ደግሞ በጅማው ዳር ነው። ሁለት ሁለት ሆነን በጀርባችን ስናሻግር፣ ግማሹ ጆንያ መንደራችን በኩል አፋፉ ላይ ቀርቶ በሰበሰ፤ ዝቃጩም መንገዱን ሳሙና አደረገው። ይህን ቅሬታ በኋላ እግርዎ ራሱ ስላስተናገደው አላበዛውም።

፪. የወንድሜ ሚስት ዘይቡ ምጥ ሲይዛት አራት ሆነን በቃሬዛ ይዘናት ወረድን። አምቡላንሱ በጅማው ዳር ቆሞ ይታየን ነበር። ጥበቃው፣ እርስዎ እንደደነገጉት፣ በየቤቱ ተራ ስለሆነ የዚያን ዕለት ተረኛ ጎረቤታችን ሙስዓብ ነበር። ትዕዛዙን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ “ማል ጎና፣ ምን ላድርግ? ቃሬዛ በአንድ ሰው አይነሳ! ወላሂ ፊርማውን እፈራለሁ” አለን። እናቴ፣ “በቃ እኔ ደግፌ በእግሯ ላሻግራት” ስትለው ደግሞ ጭንቀቱ ባሰበትና፣ “እሷ ራሷስ ሁለት አይደለችም እንዴ? ሆዷ ውስጥ ያለው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?” ሲል ጠየቀ።

ወደ እርስዎ ተደወለ። ስብሰባ ላይ ነበሩ። መልስዎ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ ሦስት ቃል ነበር፦ “ተጣርቶ እስኪወሰን ይጠብቁ።” እናቴ “ያ ረቢ!” ብላ ዘይቡን ደግፋ ድልድዩ ላይ ወጣች፤ ሙስዓብም ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ዘይቡ ጅማ ደርሳ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

፫. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ባለፈው ሳምንት እንግዶች አስከትለው መጥተው፣ ስለ ድልድዩ ወታደራዊ ጥቅም እጅዎን እያወናጨፉ ሲያብራሩ፣ በዚያው በበሰበሰው ቡና ላይ አዳልጦዎት ወደቁ። አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው ሮጡ። የዕለቱ ተረኛ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ እኔ ነበርኩ። “አሳልፈኝ እንጂ አንተ! እኔ ነኝ እኮ!” ብለው ሲጮኹ፣ ትዕዛዙን ከኪሴ አውጥቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ከአርማው እስከ ማኅተሙ በቀስታ አነበብኩልዎት። “እርስዎ አንድ፣ ተሸካሚ አንድ። ሌላው ሕገ ወጥ ነው፣ ጌታዬ” ማለቴን አይረሱትም። ምናልባት ተጣርቶ እስኪወሰን ይጠብቁ ይሆን ብዬም ጠይቄዎት ነበር፤ አልፈለጉም።

አርባ ሁለቱን ሳንቃ በመቀመጫዎ እየተንፏቀቁ ሲሻገሩ፣ ከኋላዎ ቆመው ከሚያዩት መካከል ዘይቡ ነበረች። ሌሎቹ ሳቁ። እሷ ሳንቃዎቹን ትቆጥር ነበር።

፬. አሁን የሙስዓብ ሚስት ማሂራ ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። ምጥ ስብሰባ አያውቅምና፣ ቀኗ ሲደርስ በስምንት ሰው እናሻግራታለን፤ የስምንቱን ስም ከወዲሁ ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብተናል፣ እንዳይቸገሩ። ሙስዓብም አንደኛ ተራ ላይ ተጽፏል፤ ፊርማ መፍራቱ ለቆታል። እኛ ግን ትዕዛዙ በሰላም ቢነሳ እንመርጣለን። ሐኪሞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚለቁዎት ሰምተናል፤ ቤትዎ ደግሞ ከእኛው ጋር፣ ከወንዙ ወዲህ ነው። ትዕዛዙ ከተነሳ አራት ሆነን በቃሬዛ፣ እንደ እንቁላል ይዘን ቤትዎ እናደርስዎታለን። ካልተነሳ ሕግ አክባሪዎች ነንና አንድ ሰው ብቻ እንልክልዎታለን፤ እሳቸውም ሰማንያ ዓመት የሆናቸው አባ ሽበሺ ናቸው። ክራንች ተንሸራቶ በሳንቃዎቹ መሐል የገባ እንደሆነም፣ የወንዙን ጥልቀት ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ወንዙን የያዘ አገሩን ያዘ ብለውናል፣ ክቡር ሆይ። ወንዙን የያዝነው እኮ በየተራ እኛው ነን።

ከጄሶዎ ጋር ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ በትዝብት ግን ቀጥ ብዬ የቆምኩ፣

ሙሐመድሳኒ፣
ልብስ ሰፊና የማክሰኞ ጠባቂ

የተረሳ ነገር፦ እርማት። ባለፈው ወር በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈው መግለጫ “በመሻገሪያው ጥበቃ ምክንያት የሞተ ሰው የለም” ይላል። ሙስዓብ ላቀረበው የመቆጠር ጥያቄ ከእርስዎ እስካሁን ውሳኔ ስላልመጣ፣ መንደሩ ተሰብስቦ ወስኗል። ስለዚህ “የሞተ ሰው የለም” የሚለው፣ “አንድ ሰው ሞቷል፤ ወንድ፤ ስም ገና ያልወጣለት” ተብሎ ይታረም።