«ገባኝ» ሲሏቸው የማያምኑት መምህር የሕይወት ታሪክ

ታላቅ ወንድማችን፣ የሕክምና መምህሩ፣ ከልብስ ሰፊዋ እናታቸውና ከፖስታ አመላላሹ አባታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ሐኪሙ በማያውቁት ቋንቋ የነገራቸውን ሰምተው፣ ለአክብሮት ያህል «ገባኝ» ብለው ከሆስፒታል ተመለሱ፤ የሦስት ቀኑንም እንክብል በአንድ ቀን ዋጡት። እናት ከሳምንት በኋላ ተነሡ። ልጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ «ገባኝ» የሚል ሰው አምነው አያውቁም።

በ1960 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1967 በሕክምና ተመረቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም እዚያው ማስተማር ጀመሩ። በ1972 ዓ.ም. ከዳቦ ጋጋሪዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። የአማቶቻቸውን ቋንቋ በስድስት ወር አቀላጥፈው የተናገሩት ያሙኛል ብለው ጠርጥረው ነው። እውነት ለመናገር፣ ያሟቸው ነበር።

በ1985 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ትምህርቱም ፈተናውም በውጭ ቋንቋ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። የትንሽ አገር ዲግሪ ውጭ አገር ተቀባይ እንዲያገኝ ነው ተባለ። ወንድማችን የውጭውን ቋንቋ አልጠሉም፤ የተማሩትም ያስተማሩትም በእሱ ነው። የጠረጠሩት ሌላ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው ፈተና የክፍሉን የጽዳት ሠራተኛ ወንበር ላይ ያስቀምጡና ተማሪውን «በሽታውን ለእሳቸው በቋንቋቸው አስረዳ፤ እሳቸው ደግሞ ለእኔ ይነግሩኛል» ይሉት ነበር። ውጤት የሚሰጡት ሴትዮዋ በነገሯቸው ልክ ነው።

አንድ ዓመት የክፍሉ አንደኛ ወደቀ። «እኔን የጽዳት ሠራተኛ ትጣለኝ?» ብሎ ለዲኑ ከሰሰ። ዲኑም ፈተናውን ከወንድማችን ነጠቁ። እሳቸውም በጣም አዘኑ፤ ግን ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ያለ ውጤት፣ በግላቸው፣ እንደዚያው ሲፈትኑ ኖሩ።

በ2015 ዓ.ም. ጉበታቸውን ታመሙ። ያከማቸው ያ የወደቀው ተማሪ ነበር፤ አሁን እሱም ሸብቷል። የምርመራውን ውጤት በውጭ ቋንቋ ሊነግራቸው ሲጀምር፣ ወንድማችን ወደ ባለቤታቸው እያመለከቱ «ለእሷ» አሉት። ሐኪሙ በርጩማ ስቦ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጠና በቋንቋቸው፣ ቀስ ብሎ፣ ጉበቱ እንደማይድን፣ ለባላቸው የቀራቸውም ጥቂት ወራት እንደሆነ አስረዳቸው። ከዚያ «እማማ፣ አሁን እርስዎ ለእሳቸው ይንገሯቸው» አላቸው።

እሳቸውም የባላቸውን እጅ ይዘው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ወንድማችን ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ልማዳቸው ስሕተት እየፈለጉ አዳመጡ። አላገኙም። «ገባኝ» አሉ።

ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። ዩኒቨርሲቲው ያንን ፈተና በስማቸው እንደሚመልስ ትናንት ነግሮናል፤ እኛም የእሳቸው ቤተሰብ ነንና እስክናየው አናምንም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእናታቸው ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ይቀበልልን።